በንፋስ ስልክ ድምፅ የተሰጠበት እግር

ከጎሬ ተነስቶ አዲስ አበባ ደርሶ የተመለሰ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው ምን በላህ፣ ቀጥሎ ምን አመጣህልን ተብሎ ነው። እኔን ግን ሊጠይቁ የመጡት ሁሉ ፊቴን አይተው ጥያቄያቸውን ዋጡት። ሚስቴ ብቻ ምን ነካህ አለችኝ፤ ለእሷም ቢሆን በቅጡ የነገርኳት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። አሁን ያ መንግሥት ሄዷል፣ እኔም ማስተማር ትቻለሁ። ስለዚህ ንፋስ ስልክን አይተው ለማያውቁ፣ ምናልባትም ለማያዩ ያገሬ ሰዎች ነገሩን ከመነሻው እስከ መመለሻው ልጻፍላቸው። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል። ይህን ጉድ ግን ከሰው አልሰማሁትም፤ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጬ ያየሁት ነው።

በዚያን ዘመን ጎሬ ውስጥ ረዳት ነርሶችን አስተምር ነበር። የማስተምረውም እኔ በተማርኩበት መንገድ ነው። እኔ እላለሁ፣ እነሱ ይደግማሉ፣ ያልደገመ እስኪደግም ቆሞ ይቆያል። ታዲያ አንድ ቀን የትምህርት ቤታችን ኃላፊ ጠርቶ አዲስ አበባ፣ ንፋስ ስልክ አካባቢ፣ አንዲት አስተማሪ ነርሶችን በማሽን እየታገዘች ማሰብ ታስተምራለች፤ ሄደህ እይና ለእኛ ይበጃል ወይም አይበጅም በለን አለኝ። ተማሪ እንዲያስብ ማሽን ያስፈልገዋል መባሉ ራሱ አናደደኝ። እኔ አርጩሜ ይበቃል ከሚሉት ወገን ነበርኩ።

ማክሰኞ

የይለፍ ወረቀቴን ከቀበሌ ይዤ ገና ሳይነጋ ተሳፈርኩ። ጎሬ ዝናብ ነበር፤ ጎሬ መቼ ነው ዝናብ የማይሆነው? ሻንጣዬ አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ታሰረ። ውስጡ የታጠበ ነጭ ጋውኔ፣ ሁለት ሸሚዝ፣ ለማርፍበት ቤት የያዝኩት አንድ ጣሳ ማርም አለ። ጣሳውን ራሴ ነኝ ያሸግሁት። ሚስቴ ክዳኑ ላይ ጨርቅ እንድጨምር ብትነግረኝም የሴት ምክር ብዬ አለፍኳት።

በደሌ ሳንደርስ አውቶቡሱ ጭቃ ውስጥ ገብቶ አልንቀሳቀስ አለ። ወንዶች ሁሉ ወርደን ገፋን። ሹፌሩ ከላይ ሆኖ «ዶክተር፣ አንተም ግፋ» ይለኛል። በእኛ አገር መርፌ ወጊ ሁሉ ዶክተር ነው፤ እኔም አላርመውም፣ ደስ ይለኝ ነበር። ኬላው ላይ እንደገና ወረድን፤ ወታደሮቹ ወረቀታችንን እያገላበጡ አዩ። አንዲት ሴትዮ ወረቀቷ ዝናብ በልቶት ስሟ ስለማይነበብ እዚያው ቀረች። ዘወር ብሎ ያያት ሰው የለም። እኔም አላየሁም።

ጅማ ስንደርስ መሽቶ ነበር። ያረፍኩበት ሆቴል ባለቤት ሽሮዬን በላይ በላዩ ቅቤ እያፈሰሱ አበሉኝ፤ አልጋው ግን መሐሉ የጎደጎደ ስለነበር ልክ ገበታ ውስጥ እንደ ገባ ሊጥ ተኛሁ። ሻንጣዬን ስከፍት ማሩ ጋውኔን ነጭ ነበር ለማለት እስኪያስቸግር ድረስ ጠጥቶታል። ሚስቴ በዚያች ሰዓት ጎሬ ሆና የሳቀች መሰለኝ።

ረቡዕ

ጠዋት ሻንጣው ውስጥ ጉንዳን ሰፍሮበት አገኘሁ። የሆቴሉ ባለቤት ልብሶቼን አራግፈው፣ ጋውኑን በጋዜጣ ጠቅልለው፣ ለመንገድ ደግሞ ዳቦ ጨምረው ሸኙኝ። ዋጋም አልጨመሩብኝ። ጊቤ ወርደን ስንወጣ ሙቀቱ አንገቴን አነቀኝ፤ የጎሬ ሰው ላብ የሚያውቀው ሲታመም ብቻ ነው። ወሊሶን፣ ሰበታን አልፈን፣ የመጨረሻው ኬላ ላይ እንደገና ተፈትሸን፣ ከሰዓት በኋላ አዲስ አበባ ገባን።

አውቶቡስ ተራ ጋሽ ሸምሱ ጃንጥላ ይዞ ይጠብቀኛል። የጎሬ ጎረቤቴ ወንድም ነው፤ ንፋስ ስልክ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አለው። ከዚያ በፊት ተያይተን አናውቅም። በከተማ አውቶቡስ ተጣብቀን ወደ ደቡብ ወረድን። አስፋልቱ ያስገርማል፤ እግሬ ጭቃ ሳይነካ ከቤት ገባሁ። በስተደቡብ ከመንገዱ ማዶ ግን ላፍቶ ገና የጤፍ ማሳ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የፉሪ ተራራ ይታያል። ይህን ሳይ ትንሽ ልቤ ተመለሰ፤ ከተማው ሁሉ ድንጋይ ይሆናል ብዬ ፈርቼ ነበር።

ጋሽ ሸምሱ ገና አረፍ ሳልል ወረቀቴን ይዞ እንግዳ መጥቶብኛል ብሎ ለቀበሌ ሊያስመዘግበኝ ሄደ። በዚያን ጊዜ ሳይመዘገብ ያደረ እንግዳ ያሳደረውን ሰው ነው የሚያሳስረው። ሚስቱ እትዬ ራህማ ደግሞ ሌላ ጣጣ ውስጥ ገብተው ነበር። እነሱ እስላም ናቸው፣ እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ እነሱ ያረዱትን አልበላም። ሴትዮዋ ይህን አስበው ለክርስቲያን ጎረቤታቸው ገንዘብ ሰጥተው፣ ሥጋው ከክርስቲያን ልኳንዳ ተገዝቶ፣ በጎረቤቲቱ ድስት ተሠርቶ፣ በጎረቤቲቱ ሳህን ቀረበልኝ። እነሱ አጠገቤ ተቀምጠው ቆጮ በጎመን በሉ። ሻይም መጣ። የእኔ ብርጭቆ ስኳር አለው፤ የእነሱን ቀምሼ ባላይም በጨው መሆኑን አወቅሁ፤ የቀበሌው ሱቅ ስኳር ካመጣ ቆይቷል። ጎሬ እንግዳ ሲመጣ እናርዳለን፣ እንዲህ የሚያስብ እንግዳ ተቀባይ ግን አይቼ አላውቅም።

ጋውኔን እትዬ ራህማ አጠቡት። አልደረቀም። ስለዚህ ጋሽ ሸምሱ ለሠርጉ ያሰፋውን ጥቁር ኮት አለበሰኝ። ትከሻው ሰፋኝ እንጂ አማረብኝ።

ሐሙስ

ትምህርት ቤቱ ከሱቁ ብዙም አይርቅም። ሌሊቱን የጀመረው ዝናብ አላባራም ነበር፤ በሩን የከፈተልኝ ዘበኛ የካፖርቱን ኮሌታ እስከ ዓይኑ ድረስ ስቦ ነበርና ፊቱን አላየሁትም። ኮቴን አይቶ ሰላምታ ሰጠኝ፤ ሰላምታው ለሠርግ ኮቱ ይሁን ለእኔ አላውቅም።

አስተማሪዋ ሲስተር ሂሩት ቀጭን፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ ሴት ናት። የክፍሉን መስኮቶች በብርድ ልብስ ሸፍናለች። ጠረጴዛው ላይ ከወዳጅ አገር በእርዳታ የመጣ የስላይድ ማሽን፣ አጠገቡ አንድ ቴፕ አለ። ሥራዋን አስረዳችኝ። ፎቶዎቹን ያነሳችው ራሷ ናት፤ ቴፑ ላይ የምትናገረውም እሷው። ፎቶው ግድግዳ ላይ ይወጣል፣ ድምፁ የሕመምተኛውን ነገር ይናገራል፣ ከዚያ ዝም ይልና አሁን ምን ታደርጋላችሁ ብሎ ይጠይቃል። ተማሪዎቹ የመለሱትን አይታ ቀጣዩን ፎቶ ትመርጣለች። በደንብ ካሰቡ ሰውየው ይድናል። ካላሰቡ ይሞታል። ማሽን ሰው ይገድላል ወይ ብዬ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

መብራቱ ጠፋ። ግድግዳው ላይ አንድ ሽማግሌ አልጋ ላይ ተጋድሞ፣ እግሮቹ ከብርድ ልብሱ ወጥተው ታዩ። ድምፁ ሰውየው ከትናንት ጀምሮ ተቅማጥና ትውከት እንደያዘው፣ ምላሱ እንደ ደረቀ፣ እንደ ደከመ፣ ሐኪሙ ደግሞ ነገ ጠዋት እንጂ እንደማይመጣ ተናገረ። ከዚያ «አሁን ምን ታደርጋላችሁ?» አለና ዝም አለ።

እኔ ተማሪዎቹ የሚከራከሩ መስሎኝ ነበር። የክፍሉ ተጠሪ ጌታሁን የሚባል ወጣት ብድግ አለና እንደ ቀበሌ ስብሰባ መራቸው። ሐኪም ሳያዝ ነርስ ምንም አትሠራም፣ ሐኪሙ እስኪመጣ ሕመምተኛው ይጠብቅ የሚል ሐሳብ አቀረበ። የሚደግፍ አለ፤ እጆች ሁሉ ወጡ። የሚቃወም አለ፤ የለም። ድምፀ ተአቅቦ አለ፤ የለም። በሙሉ ድምፅ ጸድቋል ብሎ ሲያስጨበጭብ እኔም አብሬ አጨበጨብኩ፤ እኔም ብሆን ተማሪዎቼን እንዲሁ ነበር የማስተምረው፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ንክች የለም።

ሲስተር ሂሩት ማሽኑን ገፋች። ግድግዳው ላይ ያው አልጋ ወጣ። ባዶ ነው። ብርድ ልብሱ ተጣጥፎ ትራሱ ላይ ተቀምጧል።

ክው አልኩ። በሕይወቴ ስንት ሬሳ ሸፍኛለሁ፤ እንደዚያ የተጣጠፈ ብርድ ልብስ ግን አስደንግጦኝ አያውቅም። ሰውየውን በሙሉ ድምፅ፣ ያውም አጨብጭበን ገደልነው።

ሲስተር ሂሩት ሳትቆጣ ፎቶውን ወደ መጀመሪያው መለሰችው። ሽማግሌው ተመልሶ ተጋደመ። ሰውነቱ ውሃ አልቆበታል፤ ውሃ ያለቀበት ሰው ምን ያስፈልገዋል ብላ ጠየቀች። አሁን ሁሉም ገባው። ጌታሁን ግሉኮስ ይሰካለት፣ በፍጥነት ይውረድለት አለና እንደገና እጅ አስወጣ። በጨለማው ውስጥ ያልወጣች አንዲት እጅ ነበረች። የእጇ ባለቤት አስካለ የምትባል ዝምተኛ ተማሪ ናት።

«ሲስተር፣ የሰውየው እግር አብጧል» አለች። «ውሃ ያለቀበት ሰው እግሩ እንዴት ያብጣል?»

ጌታሁን ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እያለ ተረተባት። ሲስተር ሂሩትም ፎቶው ለማሳያ ብቻ መሆኑን፣ የሚያስረዳቸው ድምፁ መሆኑን በትሕትና ነገረቻት። ቀጣዩ ፎቶ ወጣ፤ ሽማግሌው አልጋው ላይ ተቀምጦ ይስቃል። ተጨበጨበ። እኔ ልጅቷ ደፋር ናት ብዬ አሰብኩ፤ ጎሬ ብትሆን አስቆማት ነበር። እግሩን ግን አላየሁም። ፎቶው እንደገና ፊቴ ተዘርግቶ እያለ እንኳ አላየሁም።

ዓርብ

ዝናቡ አባርቷል። የትምህርት ቤቱ በር ላይ ስደርስ ትናንት የገደልነው ሰውዬ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል።

ደርቄ ቀረሁ። ሻይ የሚጠጣ ሬሳ ለመጀመሪያ ጊዜ ማየቴ ነው። እሳቸው ግን ተነስተው ሰላምታ ሰጡኝ፤ የትናንቱ ዘበኛ ናቸው፣ ጋሽ ደበላ ይባላሉ። ሲስተር ሂሩት የምታጋድመው ሌላ ሰው ስታጣ እሳቸውን አጋድማ ፎቶ አንስታለች። በጣም ይኮሩበታል። ፊታቸው ግድግዳ የሚያህል ሆኖ ማየታቸውን፣ እሳቸው ፎቶው ላይ ከሞቱ ወዲህ አንዳንድ ተማሪዎች ዓይናቸውን ማየት እንደሚያፍሩ እየሳቁ ነገሩኝ። ተማሪዎች ደም ሥር ፍለጋ ሲለማመዱም ክንዳቸውን የሚሰጡት እሳቸው ናቸው፤ መርፌዋ ትገባለች፣ ጥቂት ግሉኮስ ይንጠባጠባል፣ ትወጣለች።

ቤታቸው ፉሪ ነው። ድሮ ጠዋትና ማታ በእግራቸው ይመላለሱ ነበር። አሁን ዳገቱ ስለሰለቻቸው ዘበኛ ቤቷ ውስጥ ያድራሉ። ተጋድመው ሳይሆን ተቀምጠው።

«ዘበኛ ተጋድሞ ከተኛ ሌባ ምን ይፈራል፣ ዶክተር?» አሉኝ።

ለሥራቸው ያላቸው ትጋት ገረመኝ። ጫማቸው ተረከዙ ተረግጦ እንደ ነጠላ ጫማ ሆኗል፤ የከተማ ሰው የጫማ አያያዝም ከጎሬ ሰው አይሻልም ብዬ አለፍኩ። ምሳ ሰዓት እትዬ ራህማ ዳቦ በጎመን አስይዘውኝ ስለነበር ለጋሽ ደበላ አካፈልኳቸው። ትንሽ ቀምሰው ሆዴ ሞላ አሉ።

ከሰዓት በኋላ ስብሰባ ነበር። ዓርብ ዓርብ ተማሪዎቹ ሂስና ግለ ሂስ ያደርጋሉ፤ ይህ ጎሬም አለ፣ አገሩ ሁሉ አለ። አስካለ ተነሽ ተባለች። ጌታሁን የጋራ ውሳኔ ላይ እጇን ባለማውጣቷ የትምህርቱን መንፈስ እንደ ጎዳች፣ ጓዶቿንም እንደ ናቀች ተናገረ። ሌሎቹም ተራ በተራ ጨመሩበት፤ ግማሾቹ በጉርሻ የሚያጎርሷት ጓደኞቿ መሆናቸውን ምሳ ላይ አይቻለሁ። ሲስተር ሂሩት የትምህርት ክፍል ውስጥ እጅ አለማውጣት ጥፋት አይደለም ስትል፣ ነገሩ ትምህርት ሳይሆን ዲሲፕሊን ነው ተባለች። ዝም አለች። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ ያኔ ብዙዎቻችን በዚህ ተረት ነበር የምንኖረው።

ልጅቷ ግለ ሂስ እንድታደርግ ተጠየቀች። ጓዶቼን ካስቀየምኩ ይቅርታ፣ እግሩ ግን አብጧል አለች። ጉድ ፈላ። በመጨረሻ ስህተቷን በተግባር እንድታርም ተወሰነባት። ቅዳሜ ከከፍተኛው፣ ማለትም ከቀበሌዎቹ የበላይ ጽሕፈት ቤት፣ አንድ ጓድ ትምህርቱን ሊያዩ ይመጣሉ። በእሳቸው ፊት ለጋሽ ደበላ ግሉኮሱን የምትሰካው አስካለ ትሆናለች። እንደ ወትሮው በጠብታ ሳይሆን ልክ እንደ ፎቶው፣ ሙሉ ጠርሙስ፣ በፍጥነት። አልሰካም ካለች አትመረቅም። ይህም በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

ቅዳሜ

ከከፍተኛው የመጡት ጓድ ካኪ የለበሱ፣ ጨዋ፣ ድካም የሚታይባቸው ሰው ናቸው። ጋውኔ ደርቆ ነበር፤ የማሩ እድፍ ግን አለቀቀም፣ ስለዚህ እንደገና የሠርግ ኮቱን ለብሼ መጣሁ። ተማሪዎቹም ኮቱን አይተው ከእንግዳው ጎን፣ ፊት ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። እኔም እምቢ አላልኩም።

ጋሽ ደበላ ታጥበው፣ ተላጭተው አልጋው ላይ ተጋድመዋል። ሁለት ትራስ ተደርቦላቸው ሌላ እንዲጨመርላቸው ሲጠይቁ ሰማሁ። በራስጌያቸው በኩል ሁላችንም ግሉኮስ የምንለው የጨው ውሃ ጠርሙስ ተሰቅሏል። ግድግዳው ላይ ደግሞ የራሳቸው ፎቶ በርቷል፤ ሁለት ጋሽ ደበላ። ቴፑ ያንኑ ተናገረ፣ ያንኑ ጠየቀ፣ ክፍሉም ያንኑ መለሰ።

አስካለ ክንዳቸውን አሰረች። ደም ሥሩን ወዲያው አገኘችው፤ እጇ ጎበዝ ነው፣ አይንቀጠቀጥም። መርፌዋን አነሳች። ከዚያ ወደ ሳህኑ መለሰቻት።

ወደ እግራቸው ዞረች። ካልሲያቸውን ዝቅ አድርጋ አውራ ጣቷን ከቁርጭምጭሚታቸው በላይ ጫን አድርጋ ያዘች። ስታነሳው ጉድጓድ ቀረ፤ ሊጥ ላይ ጣት እንደ ተጫነ። እኔ ከተቀመጥኩበት ይታያል።

«ጋሽ ደበላ፣ ተጋድመው መተኛት ይችላሉ?» አለቻቸው።

«ኧረ ልጄ፣ ስጋደም ያፍነኛል» አሉ፤ ቀስ ብለው፣ ሰው እንዳይሰማ ይመስል።

ያን ጊዜ ገባኝ። ተቀምጦ ማደር፣ ዳገት መፍራት፣ ጫማ አልገባ ማለት፣ በትንሽ ምግብ መጥገብ። ይህ ሁሉ የልብ ድካም ምልክት ነው፤ እኔ ተማሪዎቼን በዜማ የማስደግመው። አንድም ሳያስቀሩ ትናንት በር ላይ አሳይተውኛል፣ ነግረውኛልም። እንዲህ ያለ ልብ ያለው ሰው ላይ አንድ ጠርሙስ የጨው ውሃ በፍጥነት ቢለቀቅበት ውሃው ሳንባው ውስጥ ነው የሚገባው። አልጋው ላይ ተጋድሞ ይሰጥማል።

ጌታሁን ብድግ ብሎ ልጅቷ ውሳኔ እያደናቀፈች ነው አለ። ክፍሉ አጉረመረመ። ከከፍተኛው የመጡት ጓድ እጃቸውን አንስተው ጸጥ አሰኙ።

«ጓዶች፣ ለምን እንጨቃጨቃለን? ሐሳቡ ሁለት ከሆነ በድምፅ እንለየዋለን። ግሉኮሱ ይቀጥል የምትሉ?»

ልብ በሉልኝ፤ ድምፅ የሚሰጠው የአንድ ሽማግሌ እግር አብጧል ወይስ አላበጠም በሚለው ላይ ነው። እግሩ እዚያው ፊታችን ነው።

እጆች ወጡ። መጀመሪያ የጌታሁን፣ ቀጥሎ የፊተኞቹ፣ ከዚያ የኋለኞቹ። የእኔም ወጥቷል። ማን አወጣት? በስንት ስብሰባ የለመደች እጅ ከእኔ ቀድማ ወጣች፤ ቀና ብዬ ስመለከታት የሠርግ ኮቱ እጅጌ ውስጥ ሆና አየኋት። ልመልሳት ፈለግሁ፣ ከጎኔ ያሉትን ጓድ ፈራሁ። ይህን ስል አላሳምረውም።

ከዚያ ያየሁትን ግን እስከ ዛሬ ሳስበው ይዘገንነኛል። አልጋው ላይ የተጋደሙት ጋሽ ደበላ አንገታቸውን ቀና አድርገው ክፍሉን ቃኙ። ከዚያ ያልታሰረውን እጃቸውን ቀስ ብለው አወጡ። ግሉኮሱ ይቀጥል ብለው፣ በራሳቸው ላይ፣ ድምፅ ሰጡ።

«የሚቃወም?»

አስካለ እጇን አላወጣችም። የጋሽ ደበላን የወጣ እጅ ይዛ ወደ ታች አወረደችውና የደም ምታቸውን መቁጠር ጀመረች።

ሲስተር ሂሩት ከማሽኑ ኋላ ወጣች። አልጋው አጠገብ ደርሳ ጎንበስ አለች። ድምፁ ተቆጥሮ አልቆ፣ እግራቸው ላይ ያለው ጉድጓድ ገና አልሞላም ነበር። ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ቀና ብላ ጠርሙሱን ከመስቀያው አወረደች።

«ቴፑ ላይ ያለው ድምፅ የእኔ ነው» አለች። «ይህን እግር አንስቻለሁ፣ አሳይቻለሁ፣ አስጨብጭቤበታለሁ። አላየሁትም። አስቡ ብዬ የጠየቅኋችሁ እኔ ነኝ፤ አንዲት ልጅ ብታስብ ዝም አሰኘኋት። ትምህርቱ አልቋል።»

ተጠሪው ውሳኔው ጸድቋል ለማለት አፉን ከፍቶ ነበር። ከከፍተኛው የመጡት ጓድ ግን አልሰሙትም። ተነስተው ሄዱና የራሳቸውን አውራ ጣት በጋሽ ደበላ እግር ላይ ጫኑ፤ ያስቀሩትን ጉድጓድ አይተው እጃቸውን በመሐረብ ጠረጉ። ጉዳዩ ለበላይ አካል ይቀርባል አሉ። ያም ሆኖ ሽማግሌውን ሆስፒታል እንዲወስድ መኪናቸውን ሰጡ፤ ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። ቃሬዛውን የተሸከሙት እጃቸውን ያወጡት ልጆች ናቸው፤ ጌታሁንም አንዱን ጫፍ ይዞ ያለቅስ ነበር።

ያን ቀን ማታ እትዬ ራህማ ያቀረቡልኝን መብላት አቃተኝ። ጋሽ ሸምሱ ምን ሆንክ ብሎ ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ። ሰው ታሞብኝ ነው አልኩት።

እሑድ

እኔ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ጋሽ ሸምሱ ብርቱካን ገዝቶ ጠበቀኝና አብረን ሆስፒታል ሄድን። ሰውየውን አያውቃቸውም፤ የእንግዳዬ ሕመምተኛ የእኔ ሕመምተኛ ነው አለ። አስካለ አልጋው አጠገብ ቆማለች። ጉዳይዋ እስኪታይ ከትምህርት ታግዳለች፤ ሲስተር ሂሩትም የማሽኑን ክፍል ቁልፍ እንድታስረክብ ታዛለች። ልጅቷ እመረቃለሁ አልመረቅም የሚለውን ትታ ስለ ጋሽ ደበላ ሽንት ነው የምታወራኝ፤ ውሃው በሽንት እየወጣ እብጠቱ መቀነስ ጀምሯል። ኋላ እንደሰማሁት ከጓደኞቿ አንድ ዓመት ዘግይታ ተመርቃለች።

ተረኛው ሐኪም ጠርሙሱ ገብቶ ቢሆን ኖሮ ማታውን አያድሩም ነበር አለኝ። እኔ ኋላ ጎሬ ተመልሼ ማሽኑ ይበጃል ብዬ ተናገርኩ። አልመጣልንም። ሕመምተኛውን በጠመኔ ጥቁር ሰሌዳ ላይ እየሣልኩ ምን ታያላችሁ ብዬ መጠየቅ ያዝኩ፤ ክፍሌ ውስጥ እጅ ማውጣትንም ከለከልኩ። ኃላፊው ሁለት ጊዜ ተቆጥቶኛል።

በዚያች እሑድ ግን ጋሽ ደበላ በትራስ ተደግፈው ቁጭ ብለዋል። ፊታቸው ጠራ ብሏል። ብርቱካኑን ላጥኩላቸው፤ አልጋቸው ጫፍ ተቀምጬ እጄን ብርድ ልብሳቸው ላይ አሳረፍኩ። ከትናንት ጀምሮ ያነቀኝን ነገር ሳልጠይቃቸው መሄድ አልቻልኩም።

«ጋሽ ደበላ፣ በገዛ ራስዎ ላይ እንዴት እጅዎን አወጡ?»

«እኔማ ላወጣ አልነበረም» አሉኝ። «ስጋደም የሚያፍነኝን ከእኔ ወዲያ ማን ያውቃል? ልጆቹ ሲያወጡም ልጆች ናቸው ብዬ ተውኳቸው። ኋላ ቀና ስል እርስዎን አየሁ። ከሩቅ አገር የመጣ ዶክተር፣ ትናንት ዳቦ የቆረሰልኝ ሰው፣ ክፉ አያስብልኝም፤ እሱ ካወጣ እኔ የማላውቀው ነገር ቢኖር ነው ብዬ አወጣሁ።»

እጄን ከብርድ ልብሳቸው ላይ አነሳሁና ኪሴ ውስጥ ከተትኩት።